ቁጥር ያለው ዛፍ፣ ቁጥር የሌለው በርሜል

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ተከዜ ዳር ሳለ የጣሊያን አውሮፕላኖች የጣሉት ነገር እንደተለመደው ቦምብ አልፈነዳም። ዕቃዎቹ መሬት ሲነኩ ተሰባበሩና በውስጣቸው የነበረው ፈሳሽ ዙሪያውን ተረጨ። ራስ እምሩ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደመሰከሩት ፈሳሹ የነካው ሰው እጁም፣ እግሩም፣ ፊቱም ውሃ ቋጠረ፤ ቃጠሎውን ለማብረድ ወደ ወንዙ የሮጠውም የተመረዘውን ውሃ ጠጣ። ያ ፈሳሽ የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ነበር፤ ስሙ ጋዝ ይሁን እንጂ አፈርና ቅጠል ላይ ተጣብቆ የሚቆይ ቅባታማ መርዝ ነው። ከወራት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ እንደራሴ ሆነው የቀሩት እኚሁ ራስ እምሩ ወደ ጎሬ አቀኑ፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ በዚያ ጊዜያዊውን መንግሥት ይዘው ነበር። ኅዳር 1929 ዓ.ም. ጣሊያን ከተማዋን እስኪይዝ ድረስ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫው ጎሬ ነበረች፤ ራስ እምሩም በቀጣዩ ወር ጎጀብ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። ስለዚህ ከዚያች ደጋ ከተማ አገሪቱን ለመምራት የሞከረው ሰው ፋብሪካ የሠራው መርዝ ከፈሰሰ በኋላ ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ አይቶ የመጣ ነበር። መርዙን የጣለው ሄደ፤ መሬቱና ወንዙ ግን ከመርዙ ጋር ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ጎሬ ወዳለችበት ወደ ኢሉባቦር የገባው መርዝ በጠላትነት አልመጣም። በመኪና ተጭኖ፣ በመንግሥት ማኅተም፣ ለበጎ ዓላማ መጣ፤ ስሙም መድኃኒት ተባለ። ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። አደገኛ ኬሚካል ከጥቅም ውጭ ሲሆን እንዴት ይወገድ የሚለው ጥያቄ በምድጃና በጉድጓድ ዓይነት ከመመለሱ በፊት በባለቤትነት ይመለሳል። የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና መጨረሻው የት እንደሆነ የተጻፈለት ነገር ይወገዳል፤ ያልተጻፈለት በተቀመጠበት ይበሰብሳል፣ ይፈሳል፣ ውሃ ውስጥ ይገባል። የጎሬና የጎረቤቷ የመቱ ታሪክ ሁለቱንም ወገን ጎን ለጎን ስለሚያሳይ ለዚህ ክርክር ጥሩ ማስረጃ ነው።

መዝገብ ለጎሬ እንግዳ ነገር አልነበረም። ራስ ተሰማ ናደው መቀመጫቸው ያደረጓት ይህች ከተማ ያደገችው በሚዛንና በደብተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ስምምነት መሠረት ባሮ ወንዝ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ሲከፈት፣ የጎሬ ቡና፣ ሰምና ቆዳ በሰው ትከሻና በበቅሎ በቡሬ በኩል ቁልቁል ይወርድ ጀመር። ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ የሱዳን እንፋሎት ጀልባዎች ጭነቱን ወደ ካርቱም ይወስዱታል፤ ሲመለሱ ጨውና ጨርቅ ያመጣሉ። በዚህ መንገድ ላይ እያንዳንዱ ፈረሱላ ይመዘናል፣ ቀረጡ ይከፈላል፣ ጆንያው የማን እንደሆነ ይታወቃል። ግሪኩና ሶርያዊው ነጋዴ፣ የአገሬው ባለ በቅሎ፣ የኬላው ሹም ሁሉም የሚጨቃጨቁት በቁጥር ነበር። ቡና ዋጋ ስላለው መንገዱን ሙሉ የሚከተለው ዓይን ነበረ ማለት ነው። መርዙ ሲመጣ ያ ዓይን አብሮት ያልተጓዘው ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው ትልቅ አመጣጥ በወባ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ሲቋቋም በአሜሪካና በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ ዲዲቲ ወደ ገጠሩ ገባ። ረጪው መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ ዕቃ ከቤት አስወጥቶ፣ ግድግዳውንና ጣሪያውን ነጭ እስኪሆን ያለብሰዋል። ያኔ ጋምቤላ የኢሉባቦር አካል ስለነበረ ጠቅላይ ግዛቱ ከደጋው ጎሬ እስከ ባሮ ቆላ ይዘረጋ ነበር፤ ወባው ደግሞ ቆላውን እንደ ግንብ አጥሮ ይዞት ኖሯል። ሰው ዲዲቲን በደስታ የተቀበለው በምክንያት ነው፤ ልጁ ከሞት ሲተርፍ አይቷል። መድኃኒት የሚለው ስም ግን አንድ ነገር ሸፈነ። መድኃኒት ሲተርፍ ለሌላ ቀን ይቀመጣል እንጂ አይጣልም። ዱቄቱም ከጤና ሥራው እያፈተለከ የጫት ማሳና የእህል ጎተራ ገባ፤ ከረጢቱ ዕቃ መያዣ ሆነ፣ ጀሪካኑ ውሃ መቅጃ ሆነ። መርዝ ተብሎ ቢመጣ ኖሮ ማንም እንጀራው አጠገብ አያሳድረውም ነበር።

ሁለተኛው አመጣጥ በቡናው በኩል ነው፤ ኢሉባቦርም ለአገሪቱ ትልቁን ትምህርት የሰጠችው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ የሚባለው ፈንገስ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጥቁር ጠባሳ ያወጣል፤ ጠባሳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ፍሬው ሳይበስል ደርቆ ግንዱ ላይ ይቀራል ወይም ይረግፋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታው አብዛኛውን ቡና አብቃይ አካባቢ አዳረሰ። የተሰጠው መልስ ሁለት ነበር። አንደኛው ርጭት ነው፤ እንደ ካፕታፎልና ክሎሮታሎኒል ያሉ ፀረ ፈንገሶች ተገዝተውና ተለግሰው በበርሜልና በካርቶን ገቡ። ሁለተኛው መልስ ከጫካው ውስጥ ወጣ። የጅማ ምርምር ጣቢያ ሰዎች በሽታው ክፉኛ በመታው ማሳ መሀል ፍሬውን ይዞ የቆመ ዛፍ ካለ እያሉ ዞሩ። ያገኙትን ዛፍ ምልክት አደረጉበት፣ ፍሬውን ወስደው ከበሽታው ጋር አፋጠጡት፣ የጸናውን አባዙት። እነዚያ ዛፎች የተሰጣቸው ቁጥር ዛሬም በገበሬው አፍ ነው፦ 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74148፣ 74158፣ 74165። ስድስቱም የተገኙት መቱ አካባቢ ቢሻሪ ከሚባል ቦታ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 ደግሞ ዛፉ የተመረጠበትን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ዛሬ በብዙ ወረዳ ችግኝ ጣቢያ ገበሬው ቡናውን በቁጥሩ ጠርቶ ይጠይቃል። የእናት ዛፉ አገር፣ ዓመትና ቁጥር ከሃምሳ ዓመት በኋላም አልጠፋም።

እዚህ ላይ ሁለቱን መልሶች ማስተያየት ይገባል። በዚያው ዘመን፣ ለዚያው በሽታ፣ ወደዚያው ምዕራብ ከገባው በርሜል ጋር ማን እንዳመጣው፣ ምን ያህሉ እንደተረጨና የተረፈው የት እንደደረሰ የሚናገር ቁጥር አብሮ አልኖረም። የኢትዮጵያ መንግሥት መጋዘን ወረቀት የለውም ማለት አይደለም። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ ሲወጣ ሞዴል 22። ችግሩ ከዚያ በኋላ ለሚሆነው ነገር ቅጽ አለመኖሩ ነው። ቆጠራው ላይ ጉድለት ቢገኝ የሚጠየቀው ንብረት ያዡ ስለሆነ ጊዜው ያለፈበትን በርሜል አውጥቶ ሊጥል አይችልም፤ ሊጠቀምበትም አይችልም። በርክክብ ቀን ለተተኪው ያስረክበዋል፣ ተተኪውም ለሌላው። ያረጀ ጠረጴዛ በሐራጅ ይሸጣል፤ ያረጀ መርዝ ግን ገዥ የለውም። በመሆኑም ሕጉን አክባሪው ሠራተኛ በታማኝነቱ የመርዝ ዘበኛ ሆኖ ቀረ። በርሜሉ ግን ደንብ አያውቅም፤ ክረምት በክረምት ይዝጋል፣ ግርጌው ይበሳል፣ ፈሳሹ በመጋዘኑ ወለል በኩል ወደ አፈሩ ይሰርጋል።

ይህ በአንድ ወረዳ ያበቃ ነገር አልነበረም። ለአንበጣ፣ ለተምች፣ ለግሪሳ ወፍ፣ ለጥጥ እርሻና ለወባ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በግዥና በእርዳታ የገባው ኬሚካል ትርፉ ሲከማች ኢትዮጵያ ከአፍሪካ እጅግ ብዙ ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ ካለባቸው አገሮች አንዷ ሆነች። ክምችቱ በመላ አገሪቱ በብዙ መቶ ቦታዎች ተበትኖ ተገኘ። መንጋው ከሄደ በኋላ የሚደርስ የአንበጣ መድኃኒት፣ ከሚያስፈልገው በላይ የተላከ እርዳታ፣ ገበሬው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ መለያ፣ ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ የሚቆይ ኬሚካል ላይ የሚጠፋው የማጓጓዣ ጊዜ፣ ሁሉም ተደማምረው ነው ክምሩን የሠሩት። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2003 የግብርና ሚኒስቴርና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በለጋሽ አገሮች ገንዘብ ወደ 1,500 ቶን የሚሆነውን ሰብስበው ፊንላንድ ላኩ። ቀጥሎም በአፍሪካ ደረጃ የተቋቋመው የክምችት ማስወገጃ ፕሮግራም ኢትዮጵያን ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚ አገሮች ጋር ያዘ።

ያ ሥራ በቅርብ ሲታይ ምን ይመስላል? ሠራተኛው ከራስ እስከ እግሩ ቱታ ለብሶ፣ ጭምብል አጥልቆ፣ ድርብ ጓንት አድርጎ ይገባል። በቆላ ሙቀት እንዲህ ተጀቡኖ ብዙ መቆየት ስለማይቻል ሥራው በአጭር በአጭሩ ይቆራረጣል። የሚያፈሰው በርሜል በቀጥታ አይነሳም፤ ፈሳሹ ተስቦ ወደ አዲስ ብረት በርሜል ይገለበጣል ወይም አሮጌው እንዳለ በትልቁ ውስጥ ይከተታል። የተበከለው አፈር ተፍቆ በከረጢት ይታሰራል። እያንዳንዱ አዲስ ዕቃ ይመዘናል፣ ይዘቱ ይጻፍበታል፣ ቁጥር ይለጠፍበታል። ከዚያ በኮንቴይነር ተጭኖ፣ የሚያልፍባቸው አገሮች ሁሉ አስቀድመው ፈቅደው፣ ወደብ ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚነድ ምድጃ ይቃጠላል። ወጪው በኪሎ ከ3 እስከ 5 ዶላር ይገመት ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር በርሜሉ ቁጥር ያገኘው አገር ለቆ ሊወጣ ሲል መሆኑ ነው። እንደ ቢሻሪ ቡና ገና ሲገባ ቁጥር ቢሰጠውና ቁጥሩን የሚከተል ባለቤት ቢኖረው ኖሮ ብዙው ለዚህ ባልደረሰ ነበር።

ይህ የድሃ አገር ጉዳት ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ አውሮፓ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1976 ጣሊያን ውስጥ ሰቬሶ አጠገብ ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ዳዮክሲን ወጥቶ አካባቢውን መረዘ። ከፋብሪካው የተለቀመው ዝቃጭ በ41 በርሜል ታሽጎ በ1982 ከጣሊያን ወጣና ጠፋ። ለወራት ሲፈለግ ቆይቶ በቀጣዩ ዓመት የተገኘው ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ በአንድ አሮጌ ቄራ ነው። ገንዘብም፣ ምድጃም፣ ምሁርም ባልጎደለበት አገር በርሜሎቹ የጠፉት ተጠያቂነቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በመሀል ስለተንጠባጠበ ነው። ሕንድ ውስጥ ቦፓል ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 የፀረ ተባይ ፋብሪካ ጋዝ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ ግቢው ውስጥ የቀረው ቆሻሻ ማን ያንሳው በሚል ክርክር አርባ ዓመት ተቀመጠ። ከዚያ ውስጥ 337 ቶኑ ተነስቶ የተቃጠለው በ2025 ነው። ምድጃው በአርባ ዓመት ውስጥ አልጠፋም፤ የጠፋው የእኔ ነው የሚል ነው።

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርቡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሊናቁም አይገባም። የመጀመሪያው፣ ዲዲቲ ስንቱን ከወባ አድኗል፣ ርጭቱ ስንቱን የቡና ማሳ አትርፏል፣ አሁን ቁጭ ብሎ መርዝ ነበር ማለት ውለታ ቢስነት ነው የሚል ነው። ማዳኑ እውነት ነው። ስለ ቆሻሻው የሚጠይቅ ሰው ያን አይክድም፤ በሽተኛን ያዳነ ሐኪምም መርፌውን ሜዳ ላይ ጥሎ አይሄድም። የዓለም መንግሥታትም የያዙት መንገድ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት 12 ኬሚካሎችን ሲያግድና ሲገድብ ዲዲቲን እንደ ወባ ያለ በሽታ የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ በቁጥጥር ፈቅዶ ነው ያለፈው፤ ያለውም ክምችት እንዲመዘገብ አዟል። የቢሻሪ ዛፎች ደግሞ ለዚህ ተቃውሞ ተጨማሪ መልስ ይሰጣሉ። ለአንድ በሽታ ሁለት መልስ ነበረ፤ አንደኛው በየዓመቱ አዲስ በርሜል ይፈልጋል፣ ሁለተኛው አንዴ ከተተከለ ባዶ ዕቃ አይተውም። ጥሩው አወጋገድ የሚጀምረው ስንገዛ፣ እንዲያውም ከመግዛታችን በፊት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ኢሉባቦር ጫካ ነው፣ ፋብሪካ የለበትም፣ የደረሰው መርዝም ከጥጥ እርሻውና ከስኳር እርሻው ሲነጻጸር እዚህ ግባ አይባልም የሚል ነው። ብዛቱን በተመለከተ ክርክሩ ሊያስኬድ ይችላል፤ አደጋ ግን በብዛት ብቻ አይለካም። የኢሉባቦሩ ሶር ወንዝ ገባ የሚባል ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ ገባና ብርብር ተገናኝተው ባሮ ይሆናሉ፣ ባሮ ሶባትን ይዞ ነጭ ዓባይ ይደርሳል። ዝናቡ የሚበዛበት አገር መጋዘን ወለል ላይ የፈሰሰ ነገር ቆላ ላይ እንደፈሰሰው በቦታው አይቆይም። ጥቂቷም ብትሆን ቡናው ላይ ትታወቃለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ውስጥ እንደ ሊንዴንና ሄፕታክሎር ያሉ የኬሚካል ቅሪቶች አገኘችና ገበያው ቀጥ አለ። የጃፓን ደንብ ልዩ ወሰን ላልተቀመጠለት ኬሚካል የሚፈቅደው በሚሊዮን 0.01 እጅ ብቻ ነው። ጥርጣሬው በአብዛኛው ያረፈው ቡናው ላይ ሳይሆን ጆንያው ላይ ነበር። ያለ ማዳበሪያ፣ ያለ ርጭት በጫካ ጥላ ሥር ያደገ ቡና በመያዣው ምክንያት ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። በጎሬ ዘመን የማን እንደሆነ በአንድ ዓይን ጥቅሻ የሚታወቀው ጆንያ፣ ቀደም ሲል ምን እንደነካ የማይታወቅ ሆኖ አገሪቱን አስከፈላት።

ሦስተኛው ተቃውሞ በጣም ተግባራዊው ነው። መርዝን በመርከብ ፊንላንድ መላክ የማይዘልቅ ቅንጦት ነው፤ እዚሁ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ወይም በሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን ማቃጠል አይሻልም ወይ? መቅበር ለረጅም ጊዜ እንደ መፍትሔ ሲመከር የኖረ ነገር ነው፤ ግን የተቀበረ በርሜል የዛገው በርሜል ነው፣ ልዩነቱ አለመታየቱ ብቻ ነው። ኋላ ቀባሪው ሲሞት ወይም ሲዛወር ጉድጓዱ የት እንደነበር የሚያስታውስም አይገኝም፤ መሬቱ ላይ ቤት ይሠራበታል። የሲሚንቶ እቶን ሙቀቱ በቂ ስለሆነ በመርሕ ደረጃ ይቻላል፤ ተገቢውን መሣሪያና የጢስ ቁጥጥር ካላሟላ ግን ክሎሪን ያለበት ኬሚካል ሲቃጠል ራሱ ዳዮክሲን ሊሆን ይችላል። አገር ውስጥ አቅም መገንባቱ ተገቢ ግብ ነው። ነገር ግን እቶኑ የሚቀበለው የታወቀና የተመዘነ ነገር ስለሆነ ወደዚያ የሚያደርሰውም መንገድ መዝገብ ነው። በርሜሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ካልታወቀ የፊንላንድ ምድጃም የሙገር ሲሚንቶ እቶንም ልዩነት የላቸውም።

ሕጉ ዘግይቶም ቢሆን ወደዚህ ሐሳብ እየቀረበ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 ፀረ ተባይ እንዲመዘገብ የሚያዝ ልዩ ድንጋጌ ወጣ። በ2000 አገሪቱ አደገኛ ቆሻሻ ድንበር ተሻግሮ የሚጓዝበትን የባዝል ስምምነት ተቀበለች። በ2002 የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፣ በ2018 ደግሞ ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር ራሱን ችሎ አዋጅ ቁጥር 1090 ታወጀ። ከዲዲቲው መምጣት እስከዚህ አዋጅ ስልሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። አሁን የሚጠየቀው አዋጁ አዲስ አበባ ላይ መጻፉ ሳይሆን መቱ ያለው መጋዘን ውስጥ መድረሱ ነው። ጥያቄው ደግሞ የጥንት ብቻ አይደለም። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ያዩ ላይ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ከመዘገበው የጫካ ቡና አጠገብ፣ ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ ለማምረት ታስቦ የተጀመረው ግዙፍ ፋብሪካ ሳይጠናቀቅ ቆሟል። ያም ሆነ ሌላ ፋብሪካ አንድ ቀን ሥራ ሲጀምር፣ ቧንቧ የሚያፈስበት ቀን ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ነውር አይደለም። በዚያን ቀን የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ የሚዘጋጀው ከዚያ ቀን በፊት ነው፤ ምን ያህል ኬሚካል ግቢው ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር፣ የፈሰሰውን የሚያነሳ የሠለጠነ ሰው፣ የሚያነሳበት ገንዘብ በስሙ የተቀመጠ ባለቤት።

የዚህ ምድር ሰዎች ይህን ማድረግ እንደሚችሉ የሚያረጋግጠው ማስረጃ እዚያው ጫካቸው ውስጥ ቆሟል። በሽታ መሀል ጸንቶ የተገኘ አንድ የቡና ዛፍ ቦታው፣ ዓመቱና ቁጥሩ ተጽፎለት ዘሩ ከቢሻሪ ተነስቶ አገር አዳረሰ፤ በሃምሳ ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ከየት መጣህ ተብሎ ሳይመልስ አልቀረም። ያን ያህል ጥንቃቄ ለምንወደው ነገር ካደረግን ለምንፈራው ነገር ማድረግ ከአቅማችን በላይ አይደለም። ወደ መቱ የሚገባ እያንዳንዱ የኬሚካል በርሜል ከሞዴል 19 ጋር አንድ ሌላ ወረቀት ይዞ ይግባ፤ ሲያልቅ ባዶው ወዴት እንደሚሄድ፣ ጊዜው ቢያልፍ ማን እንደሚወስደው፣ በማን ወጪ እንደሚወገድ የሚናገር። ያ ወረቀት ካልተሞላ በርሜሉ ከመኪናው ላይ አይውረድ።